ፒዲኤፉን ወደ ዎርድ የሚቀይር ሰው የተሸከመው አማና



በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፖች «ይህን ፒዲኤፍ ወደ ዎርድ የሚቀይርልኝ አለ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ጠያቂዎቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ከተመረቁ ወንድሞች የተረከበውን የደርስ ማስታወሻ አስተካክሎ ማባዛት ይፈልጋል። ሌላዋ የዲፓርትመንቷን ሃንድአውት ለፈተና ልታሳጥረው ትሻለች። ዓይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶቻችን ደግሞ በስክሪን ሪደር ለመስማት ይጠይቃሉ፤ ስካን ብቻ የተደረገ ገጽ ለእነሱ ባዶ ወረቀት ነውና። መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። አንድ ሰው ፋይሉን ነጻ ድረ ገጽ ላይ ይጭነዋል፤ የወጣውን ሳያነብ ይልከዋል፤ «ጀዛከላሁ ኸይረን» ይባላል፤ ፋይሉም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል።

መተጋገዙ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከምንጩ ጋር ያልተነጻጸረ ጽሑፍ፣ በተለይ ዲን የሚያስተምር ከሆነ፣ ለሌሎች መሰራጨት የለበትም ብለን እናምናለን።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከፋይሉ ባሕርይ ነው። ፒዲኤፍን አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ ሳይዛነፍ እንዲታይ ማድረግ ነበር። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ በዋናነት ያለው «ይህ ቅርጽ እዚህ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። አንቀጹ የት እንዳለቀ፣ ሠንጠረዡ ስንት ዓምድ እንዳለው፣ የግርጌ ማስታወሻው የየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ብዙ ጊዜ አልተመዘገበም። የሚቀይረው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ከአቀማመጡ ተነሥቶ ይገምታል። የተቀየረ ፋይል እንግዲህ የግምት ውጤት ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር።

በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ይበረታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ዓይናችን «ሀ» ሲያይ ኮምፒውተሩ የያዘው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ዎርድ ሲሄድ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ይህ ግን የሚታይ ስሕተት ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ማንም አያምነውም።

የሚያስፈራን የማይታየው ስሕተት ነው። ስካን የተደረገን ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው የኦሲአር ፕሮግራም ፊደሉን በቅርጹ ይለያል። በ«ሰ» እና በ«ሸ» መካከል ያለው ልዩነት ከላይ የምትሰመር አንዲት ጭረት ናት። ፎቶኮፒው ከደበዘዘ «ሸጠ» የነበረው «ሰጠ» ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ አይዛቸውም፤ በግብይት ፊቅህ ውስጥ ግን ሽያጭና ስጦታ ብይናቸው የተለያየ ነው። ነጥብም ትጠፋለች። የገንዘብ ዘካ 2.5 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 25 ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ያርመው ይሆናል፤ የፋርማሲ ተማሪ ሃንድአውት ላይ 0.5 ሚሊግራም የነበረው 5 ሲሆንስ?

ዐረብኛው ከዚህም ይከብዳል። የዐረብኛ ፊደል በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ቅርጹን ይለዋውጣል፤ ንባቡም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በመቀየር ሂደት ቃላት ተገልብጠው ይወጣሉ፤ ሐረካዎች ከፊደላቸው ይላቀቃሉ። ባን ከታ የሚለየው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲስት ቃሉ ሌላ ነው። የመዲና ሙስሐፍን ገጾች ለኮምፒውተር ካዘጋጁት ፎንቶች መካከልም ለ604ቱ ገጾች ለእያንዳንዳቸው የተለየ ፎንት ያላቸው፣ አንድን ሙሉ ቃል እንደ አንድ ምልክት የሚይዙ አሉ። ከእንዲህ ያለ ፋይል አያ ገልብጦ መለጠፍ ከአያው ጋር የማይገናኝ ነገር ያመጣል። የቁርኣን አያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ውስጥ ጨርሶ ማለፍ የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

ማነጻጸር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲስ ዑለሞች ሙቃበላ ይሉታል፤ የተገለበጠውን ከተገለበጠበት ጋር አስተያይቶ ማንበብ ነው። በሐዲሶች መካከል ትንንሽ ክብ እየሣሉ፣ አነጻጽረው ያለፉትን ውስጡ ነጥብ ያደርጉበት ነበር። ታቢዒዩ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር፣ ልጃቸው ጽፎ እንዳላነጻጸረ ሲነግራቸው እንዳልጻፈ እንደቆጠሩት ተዘግቧል። የአገራችን ደረሳም ኪታቡን በእጁ ገልብጦ አልበቃኝም፤ ሸኹ ፊት ቀርቶ፣ ታርሞ ነው የያዘው። በቀለምና በብርዕ የነበረው ጥንቃቄ በላፕቶፕ ዘመን የሚቀርበት ምክንያት አይታየንም።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ለራሱ ጥናት የሚቀይር ሰው ዋናው ገጽ ከጎኑ ስላለ ግድ የለም። ለሌላ የሚልክ ግን ከምንጩ ጋር ያነጻጸረ መስሎ ይታያል። ዓይነ ስውሩ ወንድማችን ዋናውን ገጽ አይቶ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ የላክንለትን አምኖ ይሰማል፣ አምኖ ይፈተናል፣ አምኖ ይሠራበታል። «ታዲያ ሁሉም በፒዲኤፍ ይቆይ፤ ማንም አይነካውም» የሚሉም አሉ። ፒዲኤፍም ቢሆን ይነካል፤ ይልቁንስ ይህ መንገድ እነዚህኑ ወንድሞችና እህቶች ከዕውቀት ማዕድ ያርቃል።

ስለዚህ ለጀመዓችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመቀየር በፊት ፋይሉን እንፈትሽ። አንድ መስመር መርጦ ባዶ ሰነድ ላይ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛው በትክክል ከመጣ ዎርድ 2013 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ራሱ ፒዲኤፉን ከፍቶ ይቀይረዋል። የእንግሊዝኛ ምልክት ከመጣ ፎንቱ የድሮ ነው። ጭራሽ መምረጥ ካልተቻለ ስዕል ነው። ለሁለቱም ኦሲአር ያስፈልጋል፤ ነጻው ቴሰራክት አማርኛን ያውቃል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የአባላት ስምና ስልክ፣ ይልቁንም ዘካና ሰደቃ የሚደርሳቸው ተማሪዎች ዝርዝር ያለበት ፋይል የማናውቀው ድረ ገጽ ላይ አይጫን። የተቸገረን ሰው ገመና መሸፈን ግዴታችን ነው።

ሦስተኛ፣ አያዎች በሱራ ስምና በአያ ቁጥር ተለይተው እንደ ተንዚል ካለ፣ ጽሑፉ ተመርምሮ ከተረጋገጠ ምንጭ ይወሰዱ፤ ከዚያም ሓፊዝ ያንብባቸው።

አራተኛ፣ ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ከዋናው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው የተቀየረውን ይከተል። ቁጥሮች፣ አሉታዊ ግሦችና ስሞች ሁለት ጊዜ ይታዩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይም ምንጩና የተነጻጸረበት ቀን ይጻፍ። ያልተነጻጸረ ከሆነም «አልተነጻጸረም» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህም ሐቀኝነት ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ከምንጩ እናድርቀው። አብዛኛው ይህ ድካም የሚመጣው ተመራቂዎች ፒዲኤፉን ብቻ ትተው ዎርዱን በላፕቶፓቸው ይዘው ስለሚሄዱ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ማንኛውም የጀመዓ ዘርፍ ሲረካከብ የደርስ ማስታወሻውንም፣ ቃለ ጉባኤውንም፣ መተዳደሪያ ደንቡንም በዩኒኮድ ከተጻፈ የዎርድ ፋይሉ ጋር ያስረክብ። ሁለት ፍላሽ ይበቃል፤ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ከአሚሩ ዘንድ ይቀመጥ።

በየሳምንቱ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ሰዓት ለሙቃበላ የሚሰጡ ጥንዶች ቢገኙ፣ የዓመቱ ማስታወሻዎች ከፈተና በፊት ንጹሕ ሆነው ለሁሉም ይደርሳሉ፣ ኢንሻአላህ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ለትምህርት ዘርፍ ተጠሪዎች ስማችሁን ስጡ። አላህ ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርገው።