ወይራ ከመትከላችን በፊት

በመካኒሳና በአካባቢዋ፣ በተለይም በትንሹ አቃቂ ዳርቻ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ ይተከላል። በብዙ የመትከያ ቦታ ግን ቀድሞ የሚከናወነው «ማጽዳት» ነው፤ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ጉድጓድ በገላጣ መሬት ላይ ይቆፈራል። ለአገር በቀሉ ወይራ ይህ ጽዳት ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወይራ በደረቁ የደጋ ደን ከጥድ ጋር የሚገኝ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ እድገቱም አዝጋሚ ዛፍ ነው። ፍሬውን የበሉ ወፎች ዘሩን ባረፉበት ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል። ዘሩ ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት ስለተሸፈነ ለመብቀል ይዘገያል፤ የበቀለውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፀሐይና ከከብት አፍ የሚከልለው ይሻል። በትግራይ የተካሄዱ ጥናቶች የወይራ ችግኝ ከገላጣ መሬት ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር የተሻለ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸውም በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች መዝግበዋል፤ ከብት መከልከሉ ለችግኝ ሕልውና ወሳኝ መሆኑንም አመልክተዋል። እንግዲህ የምንመነጥረው ቁጥቋጦ የወይራው ሞግዚት ነው።

ሕጉም ለወይራ ብዙ አላሰበለትም። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ (ቁጥር 94) እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ነበር። ወይራ የሚያልቀው በሳንቃ ሳይሆን በማገዶ፣ በከሰል፣ በመጥረቢያ እጀታና በወተት ዕቃ ማጠኛ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ጉዳቱ በጣውላ ነጋዴ መዝገብ አይታይም።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶ ችግር ማቃለሉ አይካድም፤ ቶሎ የሚደርስ እንጨት ለሚፈልግ ቤተሰብ ወይራን ጠብቅ ማለትም አያዋጣም። የወንዝ ዳርቻ ግን የማገዶ ማሳ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ተገልጿል። በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ቆሞ እንደሚገኝ መቁጠር ግን የተከላ ቀን ሥራ አይደለም፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው።

ቁጥቋጦ የሌባ መደበቂያ ይሆናል የሚለው የነዋሪዎች ስጋት እውነትነት አለው። ስለዚህ የእግር መንገዱ ዳር ይጽዳ፤ ወደ ወንዙ የሚያዘነብለው ተዳፋት ሳይመነጠር ታጥሮ ይቆይ፤ ወይራውም በዚያው በቁጥቋጦው ሥር ይተከል። በአቅራቢያው የተመነጠረ ቁራሽ መሬት ለማነጻጸሪያ ከተተወ፣ ከሦስት ክረምት በኋላ ክርክሩን በቁጥር መፍታት ይቻላል።