የመጠጥ ውኃችን መከለል ያለበት መሬቱ ለሊዝ ከመቅረቡ በፊት ነው

አዲስ አበባ ወንዝ የሚበክሉትን መቅጣት ከጀመረች ወዲህ፣ ፍሳሻቸውን ወንዝ ውስጥ የለቀቁ ድርጅቶች በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብር ሲቀጡ ሰምተናል። ቅጣቱን የሚደነግገውንና በ2017 ሥራ ላይ የዋለውን ደንብ እንደግፋለን። የሚያስቆጣን የከተማዋ የውኃ ጥበቃ እዚያው ወንዝ ዳር መቆሙ ነው።

ነዋሪው የሚጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉት ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በቁልቁለቱ በኩል ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞችም የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት በዚያው አቅጣጫ ነው። መሀል ከተማ ባሉ ጉድጓዶችና ምንጮች ናይትሬት በዝቶ መገኘቱን ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ዋነኛ መነሻውም ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽ ነው። የቆሸሸ ወንዝ ገንዘብና ዓመታት ቢፈጅም ይጸዳል። የከርሰ ምድር ውኃ አንዴ ከተበከለ ግን በእኛ ዕድሜ ላይመለስ ይችላል። ታዲያ ፍሳሹ ከተለቀቀ በኋላ የሚቆረጥ የቅጣት ደረሰኝ ለጉድጓዱ ምን ይፈይድለታል?

ጥበቃ የሚጀምረው ፕላኑ ላይ ነው። በየጉድጓዱና በየግድቡ ዙሪያ ማደያ፣ ጋራዥ፣ ፋብሪካና ቆሻሻ መጣያ የማይገባበት ክልል በሕግ ሊሰመር ይገባል። በ2009 የወጣው የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ እየተገባደደ ነው። ቀጣዩ ፕላን ለመንገዱና ለሕንፃው የሚሰጠውን ቦታ ያህል ለውኃው ካልሰጠ፣ ዛሬ ለሊዝ የሚቀርበውን መሬት ነገ በካሳ ለማስመለስ አቅም አይኖረንም።

የከተማዋ ፕላን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ግድቦቹ የሚገኙት በኦሮሚያ ክልል ነው። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲገነባ ገጠር የነበረው አካባቢ ዛሬ በከተሞች እየተከበበ ነው። በ2008 በዚያው በኦሮሚያ ክልል፣ ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መድፊያ፣ አርሶ አደሮቹ «ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ» ብለው በመቃወማቸው በወራት ውስጥ መዘጋቱን አንረሳም። ከተማዋ ውኃውን ስትወስድ ቆሻሻውን የምትመልስለት ገበሬ ተፋሰሱን እንዲጠብቅላት መጠየቅ አትችልም። ሁለቱ አስተዳደሮች ተፋሰሱን በጋራ የሚያስተዳድሩበትና ገበሬው ከውኃው ገቢ የሚካፈልበት ስምምነት ያስፈልጋል።

ውኃ መቆጠቡም ቢሆን በፈረቃ ለሚያገኘው፣ ጄሪካን ደርድሮ ሌሊት ለሚጠብቀው ነዋሪ ብቻ የሚተው አይደለም። መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ቀናት እየፈሰሰ የሚቆይባት ከተማ፣ የቁጠባ ምክሯን ከራሷ መሥመር ልትጀምር ይገባል። አዳዲስ ትላልቅ ሕንፃዎችም የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ሳይኖራቸው የግንባታ ፈቃድ ሊያገኙ አይገባም።

የሚመለከታቸው ኃላፊዎች አዲሱ ፕላን ከመጽደቁ በፊት የጉድጓዶቹንና የግድቦቹን ጥብቅ ክልል የሚያሳይ ካርታ ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ይህ እስኪሆን ድረስም በአቃቂ የጉድጓዶች አካባቢ ለኢንዱስትሪ አዲስ መሬት መስጠት ይቁም።