የመሳፈሪያውን ዋጋ ማን ይክፈል?

ባልና ሚስት በፍች ሲለያዩ ቤቱም ዕቃውም ገንዘቡም ለሁለት ይከፈላል። ለሁለት የማይከፈለው ልጅ ነው። ልጁ ከአንዱ ዘንድ ይኖራል፤ ሌላው እየመጣ ይጠይቀዋል። ሁለቱም በአንድ ከተማ እስካሉ ድረስ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ከሁለቱ አንዱ በሥራ ዝውውር፥ በእንጀራ ፍለጋ ወይም ወደ ዘመዶቹ ለመጠጋት ርቆ የሄደ እንደ ሆነ ግን፥ ልጁን በየእሑዱ እንዲያይ የተፈረደለት ወላጅ ፍርዱን በወረቀት ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትንሽ ልጅ ይህን ያህል መንገድ ብቻውን በአውቶቡስ አይላክም። አባት አዲስ አበባ፥ ልጅ ጎንደር ቢሆኑ፥ አባት ሄዶ ልጁን ያመጣል፤ ኋላም አድርሶት ይመለሳል። ልጁ ሁለት ጊዜ ሲሳፈር አባት አራት ጊዜ ይሳፈራል ማለት ነው። ከደመወዙ ላይ ቀለብ የሚቆርጥ ሰው ይህን በየጊዜው ከየት ያመጣዋል?

በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በ113ኛው አንቀጽ፥ ፍርድ ቤት ፍችን ሲወስን ልጆች ከማን ዘንድ እንደሚኖሩ፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፥ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሁኔታው ሲለወጥም ውሳኔው እንዲሻሻል መንገድ ይሰጣል። ስለ መሳፈሪያ ገንዘብ ግን አንቀጹ በስም ጠርቶ አይናገርም። ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

በእኛ አስተያየት፥ በፈቃዱ ርቆ የሄደው ወገን የመንገዱን ወጪ አብዛኛውን እጅ ሊሸከም ይገባል። ይሁን እንጂ ገቢ የሌላት እናት የቤት ኪራይ አቅቷት ወደ ወላጆቿ አገር ብትመለስ፥ ይህ በፈቃድ መራቅ አይባልም። እንዲህ ባለው ጊዜ አቅም ያለው ይክፈል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመሳፈሪያው ሒሳብ ከልጁ ቀለብ ላይ መቀነስ የለበትም። ልጁ አባቱን ለማየት ምሳውን ሊከፍል አይገባውም።

መንገዱ ሩቅ ሲሆን በየሳምንቱ መገናኘት ስለማይቻል፥ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ረዘም ላሉ ሳምንቶች ከሌላው ወላጅ ዘንድ ቢቆይ ወጪው ይቀላል፤ ፍቅሩም ይጠነክራል። በመካከሉ በስልክ መልክ ለመልክ መተያየት መልካም ነው። ሆኖም ስልክ የልጅን ፀጉር አይዳብስም፤ ደብተሩንም ከጎኑ ተቀምጦ አያይለትም።

ስለዚህ ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱ ለፍርድ ቤት በሚያቀርቡት የስምምነት ጽሑፍ ላይ፥ ከሁለቱ አንዱ ርቆ ቢሄድ መሳፈሪያውን ማን እንደሚከፍል፥ ልጁን ማን እንደሚያደርስና ማን እንደሚመልስ አስቀድመው ይጻፉ። አስታራቂ ሽማግሌዎች ይህን ያሳስቧቸው፤ ዳኞችም ሳይጠይቁ አይለፉ።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል። ፍችው የባልና የሚስት ነው፤ ልጁ ከማንም አልተፋታም።