ትክክለኛ የምርመራ ውጤት የሚጀምረው ከናሙና ዝግጅት ክፍል ነው

በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የላቦራቶሪ መስኮት ፊት ተሰልፈው ያውቁ ይሆናል። ደም ሰጥተው፣ ክንድዎን በጥጥ ይዘው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስምዎ እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ «ደም ማሽን ውስጥ ለመክተት ይህን ያህል ጊዜ ምን ያስፈልጋል?» ማለትዎ አይቀርም። አጠገብዎ የተቀመጡትም ሰዎች ያንኑ ያጉረመርማሉ። ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ ደግሞ ወደ ሐኪሙ ይሮጣሉ እንጂ ከመስኮቱ በስተጀርባ ምን እንደተሠራ አይጠይቁም።

እኛ ግን ሊጠየቅ ይገባል እንላለን። ደሙ ወደ መመርመሪያው ማሽን ከመግባቱ በፊት ተቀብለው የሚመዘግቡ፣ የሚያሽከረክሩና የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። እነርሱ በችኮላ እንዲሠሩ ከተገደዱ የእርስዎ ሕክምና ይሳሳታል። ጥበቃ ካልተደረገላቸው ደግሞ ራሳቸው ታማሚ ይሆናሉ። ከላቦራቶሪ ምርመራ ጋር ተያይዘው ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚከሰቱት ናሙናው ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መሆኑ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው።

የክፍሉ የመጀመሪያ ሥራ ማረጋገጥ ነው። በቱቦው ላይ የተጻፈው ስምና የካርድ ቁጥር ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ የቱቦው ክዳን ቀለም ይታያል። ባለሐምራዊው ክዳን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለው ለደም ሴሎች ቆጠራ ይውላል። ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለመሳሰሉት ምርመራዎች ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ባለቀይ ወይም ባለቢጫ ክዳን ነው። በዚህኛው ቱቦ ያለው ደም አስቀድሞ መርጋት አለበት፤ ይህም እንደ ቱቦው ዓይነት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን ለ10 ደቂቃ ያህል በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ጠላ ሲያድር አተላው ወደ ታች ዘቅጦ ጥሩው ከላይ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሴንትሪፊውጁም የረጋውን ደም ወደ ታች ሰድዶ ሴረም የተባለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ከላይ ያስቀራል። የሚመረመረው ይህ ፈሳሽ ነው። እርስዎ የሚጠብቁት ግማሽ ሰዓት የሚያልቀው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ደሙ በደንብ ሳይረጋ ከተሽከረከረ በሴረሙ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ይቀራሉ፤ እነዚህም የመመርመሪያውን ማሽን ይዘጋሉ፣ ውጤቱንም ያዛባሉ። መዘግየትም እንዲሁ ጉዳት አለው። ያልተለየ ደም በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ሴሎቹ በውስጡ ያለውን ስኳር መመገባቸውን ስለማያቆሙ መጠኑ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሳይበላ ተመርምሮ የደም ስኳሩ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ ውጤቱ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር ሕመምተኛ ነው ይባላል። አሁን የአንድ ሰው ትክክለኛ መጠን 130 ነው እንበል። ደሙ ሳይለይ ሁለት ሰዓት ከቆየ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 115 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሕመሙን ይዞ «የስኳር ሕመም የለብዎትም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው።

የፖታሺየም ምርመራም ሌላ ምሳሌ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በሴሎች ውስጥ ነው። ቱቦው በኃይል ሲወዘወዝ ወይም ደሙ ሳይለይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ፖታሺየሙ ወደ ሴረሙ ይወጣና መጠኑ ከፍ ያለ ይመስላል። ከባለሐምራዊው ቱቦ ወደ ሌላው ደም መገልበጥም በቱቦው ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር ምክንያት ያንኑ ያስከትላል። ፖታሺየም የልብን ምት የሚነካ በመሆኑ ሐኪሙ ሐሰተኛውን ቁጥር አምኖ ለሌለ ችግር መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የባሰው ደግሞ በእርግጥ ፖታሺየሙ የወረደበት ታማሚ «ደኅና ነዎት» መባሉ ነው።

ስለዚህ «ናሙናው ስለተበላሸ እንደገና ይስጡ» ሲባሉ አይቆጡ። በድጋሚ መወጋት እንደማያስደስት እናውቃለን። ሆኖም የተበላሸውን ናሙና የማይቀበል ላቦራቶሪ ለእርስዎ ጤና ተጠንቅቋል። ሊያሳስብዎት የሚገባው ማንኛውንም ናሙና ሳይመረምር የሚቀበለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለሙያው ጤና እንምጣ። ሴንትሪፊውጅ የሚሽከረከረው በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ነው። ትይዩ የሚቀመጡት ቱቦዎች ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ናሙናው ነጠላ ከሆነ ውኃ የተሞላ ቱቦ በተቃራኒው ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦም ሊሰበር ይችላል። ቱቦ ሲሰበር ለዓይን የማይታዩ የደም ጠብታዎች ወደ አየር ይረጫሉ። በዚህ ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ሳይከፍቱ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስብራቱ የታወቀው ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ከሆነም ወዲያው ዘግቶ ያንኑ ያህል መቆየት ይገባል። ስብርባሪው የሚለቀመው ወፍራም ጓንት ተደርጎ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይደለም፤ ከዚያም የማሽኑ ውስጠኛ ክፍል በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳል። ማሽኑ ሳይቆም ክዳኑን መክፈት ወይም በእጅ ለማስቆም መሞከር ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መብራት በመሐል ቢጠፋም እንኳ መዞሩን እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው።

እርስዎ ራስዎ በዚህ ሙያ ላይ ያሉ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። መርፌ ወይም ስባሪ ከወጋዎት ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይጠቡ፤ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ደጋግመው በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። ቁስሉን አይጭመቁ፣ በረኪናም አያፍስሱበት። ሳይውሉ ሳያድሩ ለኃላፊዎ ያሳውቁ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ቫይረሱ ካለበት ደም በመርፌ ከተወጉ 1 ሺህ ሰዎች ኤችአይቪ የሚይዛቸው 3 ያህል ናቸው። ያልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ግን እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሄፓታይተስ ቢን በስድስት ወር ውስጥ በሚሰጡ ሦስት ክትባቶች መከላከል ይቻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ወቀሳ ፈርቶ አደጋን መደበቅ ራስን መጉዳት ነው።

የተቋማት ኃላፊዎች ድርሻም ቀላል አይደለም። ጓንት፣ ጋውን፣ የዓይን መከላከያና ሴፍቲ ቦክስ ሲያልቁ የሚጠየቁ ሳይሆኑ ሳያልቁ የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። ክትባቱ ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ስብርባሪውን ጠርጋ፣ ቆሻሻውን ተሸክማ ለምትወጣው የጽዳት ሠራተኛም ይገባታል። ሴንትሪፊውጆች በየጊዜው ይፈተሹ፤ ክዳናቸው የማይቆልፍ ከሥራ ይውጡ። አደጋ ደረሰብኝ ያለ ሠራተኛም ሊታከም እንጂ ሊወቀስ አይገባም። በአገራችን ናሙናዎች በፖስታ አገልግሎት ጭምር ከጤና ጣቢያ ወደ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይጓጓዛሉ። ይህ ታማሚውን ከእንግልት የሚያድን መልካም አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ሴረም የሚፈለግለት ደም ከመንገዱ በፊት ካልተለየ የተደከመበት ጉዞ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የሚሠራ ሴንትሪፊውጅና የሠለጠነ ባለሙያ ናሙናው በሚወሰድበት ቦታ መኖር አለባቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ከእርስዎም የሚጠበቅ ነገር አለ። ሳይበሉ እንዲመጡ ከታዘዙ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ ይከልከሉ፤ ውኃ መጠጣት ግን ይችላሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ይናገሩ። ስምዎን ከነአባትና ከነአያት ይስጡ፤ ቱቦው ላይ ሲጻፍም በዓይንዎ ይዩ። ደም ሲቀዳ ጡጫዎን ደጋግመው አይጨብጡ፣ ይህም የፖታሺየሙን መጠን ያዛባል። ከሁሉም በላይ ይታገሡ። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ባለሙያ ደሙ እስኪረጋ የሚጠብቀው ለእርስዎ ሲል ነውና። ለናሙና ዝግጅት ክፍልና በውስጡ ለሚሠሩት ተገቢው ትኩረት ይሰጥ እንላለን!