ባሕር የሌለው አገርም ከባሕር ወንበዴ አያመልጥም

በክፍላችን ውስጥ በተደረገው ክርክር ላይ ስለ ባሕር ወንበዴዎች እንድናገር ዕጣ ደረሰኝ። ንግግሬን ገና ስጀምር አንድ ጓደኛዬ እጁን አንሥቶ፣ «ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ሌባ ምን አገባን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም መልስ አጥቼ አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ለአባቴ ባጫወትኋቸው ጊዜ ግን እርሳቸው አልሳቁም። አባቴ ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ የጭነት መኪና የሚነዱ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ የምጭነው ማዳበሪያ ከወደቡ ሥር የበቀለ መሰለህ? መርከቡ ካልደረሰ እኔም ሥራ የለኝም፤ ገበሬውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢደርስለት ምን ይረባዋል?» አሉኝ። እኔም ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ በዚህ መጽሔት ላይ ለመስጠት ተነሣሁ።

እንደሚታወቀው የዓለም ንግድ በመጠን ሲለካ ከመቶው ከ80 እጅ በላይ የሚመላለሰው በመርከብ ነው። የአገራችንም የውጭ ንግድ ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠው በጂቡቲ በኩል ያልፋል። ጂቡቲ ደግሞ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኙበት በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ትገኛለች። በዚህ ጠባብ በር ላይ ወንበዴ የቆመ እንደሆነ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእኛም ስንቅ አብሮ ይታገታል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ? (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1991 የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የአገሪቱ ባሕር ጠባቂ አጣ። የውጭ አገር መርከቦችም ያለ ፈቃድ እየገቡ ዓሣውን ያግዙት ጀመር። አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች ባሕራችንን እንጠብቅ ብለው መሣሪያ አነሡ ይባላል። ነገር ግን ሥራው ብዙም ሳይቆይ መርከብ እያገቱ ገንዘብ ወደ መቀበል ተለወጠ። በ2008 ብቻ 33 ታንክ የጫነችው «ፋይና»፣ እንዲሁም ሁለት ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ የያዘችው «ሲሪየስ ስታር» ተያዙ። የዓለም ባንክ በ2013 በወጣው ጥናት እንደ ገመተው፣ ከ2005 እስከ 2012 ድረስ በዚህ አካባቢ ለወንበዴዎች የተከፈለው የማስለቀቂያ ገንዘብ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

«የተበደሉ ድሆች ናቸውና አይፈረድባቸውም» የሚሉ አሉ። በደሉ እውነት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በ2009 የተጠቃችው «ሜርስክ አላባማ» ለምሥራቅ አፍሪቃ ሕዝብ የሚሆን የእርዳታ እህል የጫነች መርከብ ነበረች። በ2012 የተያዘችው «ናሃም 3» መርከብ ሠራተኞችም ከካምቦዲያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከቬትናምና ከሌሎች የእስያ አገሮች ለእንጀራ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ከሞት የተረፉት 26ቱ የተለቀቁት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በ2016 ነው። ድሃ ድሃን አግቶ ፍትሕ ይገኛልን?

ደግሞም ዕዳውን የሚከፍለው ባለመርከቡ ብቻ አይደለም። ባለመርከቡ የኢንሹራንሱን፣ የዘበኛውንና የነዳጁን ወጪ በጭነቱ ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ አስመጪው በጅምላ ነጋዴው ላይ፣ ጅምላ ነጋዴውም በቸርቻሪው ላይ ይጭናል። በመጨረሻ ሒሳቡን የምትከፍለው ዘይት ልትገዛ ገበያ የወጣችው እናት ናት።

መንግሥታት ዝም ብለው አላዩም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2008 የጦር መርከቦች በሶማሊያ ባሕር ገብተው ወንበዴዎችን እንዲያሳድዱ ፈቀደ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት መርከቦቹን ላከ። ከ2012 በኋላ ውንብድናው እጅግ ቀነሰ። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2023 «ሩዌን»፣ በማርች 2024 ደግሞ «አብዱላህ» ከ23 ሠራተኞቿ ጋር ተያዘች። ይህም የሆነው በየመን ያሉት ሁቲዎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦችን ይመቱ በነበረበትና ብዙ መርከቦች አፍሪቃን በደቡብ ዞረው ለመሄድ በተገደዱበት ወቅት ነው። ጥበቃው ወደ ሌላ ሲዞር የተደበቀው ወንበዴ ብቅ አለ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የጦር መርከብ ወንበዴን ይመልሳል እንጂ ውንብድናን አይነቅልም። ሥሩ ያለው በየብስ ላይ ነው። ዳኛና ፖሊስ ያለበት ባሕር ዳር፣ ዓሣ አጥምዶ የሚያድር ወጣት፣ ያለ ፈቃድ ዓሣ የሚያግዘውን የውጭ መርከብ የሚቀጣ ሕግ፣ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ተከታትሎ የሚይዝ መርማሪ ያስፈልጋል። ይህንንም አንድ አገር ብቻውን አይችለውም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ጎረቤታሞች ሁሉ ሊተባበሩበት ይገባል። እኛም የሶማሊያ ሰላም የእኛ ሰላም መሆኑን ዐውቀን ጉዳዩን እንደ ሩቅ ወሬ ማየት የለብንም።

ለጠያቂው ጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ ባሕር ባይኖረንም እንጀራችን በባሕር ላይ ይመጣል። ከእንግዲህ ወዲያ አንድ መኪና ማዳበሪያ ጭኖ በመንገድህ ሲያልፍ ባየህ ጊዜ፣ በሾፌሩ ፊት ስንት ሌሊት በባሕር ላይ ያለ እንቅልፍ ያደሩ ሰዎች እንዳሉ አስብ። ምናልባት ሾፌሩ አባቴ ይሆኑ ይሆናልና ሰላምታ አትንፈጋቸው።