ቁሌቱ የት ገባ?

የቴሌቪዥን ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ሰው የለም። ተልጦ፣ ደቆ፣ በብርጭቆ ሳህን ሆኖ ይጠብቃል። አዘጋጇ ድስቱ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ሁለት ጊዜ ታማስለዋለች፣ ከዚያ «ቁሌቱን ቀደም ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ» ብላ ሌላ ድስት ታወጣለች። የዶሮ ወጥ ሙያ ግን ያለው በሁለቱ ድስቶች መካከል ነው። ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ የሚቁላላበት፣ እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረጉ የሚያማስሉበት ያ ረጅም ሰዓት ተቆርጦ ቀርቷል።

እዚህ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱም እነዚህን ዝግጅቶች በፍቅር እናያለን፤ ያመለጠንን ዩቲዩብ ላይ እንፈልጋለን። ፍለጋው ራሱ ሥራ ነው፤ አንዱ «አሳ»፣ ሌላው «ዓሣ» ብሎ ስለሚጽፈው ግማሹ የአሳ ጉላሽ ተደብቆ ይቀራል። ሲገኝም ቪዲዮ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። እጃችን በርበሬ እንደነካ ስልኩን ወደኋላ እየመለስን የምንሰማው «ጨው በመጠኑ፣ በርበሬ እንደ ፍላጎታችሁ» የሚል ነው።

የሚያናድደኝ፣ ልኩን መጻፍ እንደሚቻል ስለማውቅ ነው። በቴሌቪዥን የምናውቀው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ ስለ አገራችን ምግብ ያዘጋጀው «ኢትዮጵያ» የተሰኘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የጄምስ ቢርድ ሽልማትን አግኝቷል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የለንደን አንባቢ የእኛን ወጥ ለክቶ ሲሠራ ለእኛ «በመጠኑ» ይበቃናል ማለት ነው? «ሙያ በልብ ነው» የሚሉኝ አሉ። እናቱ ጎን ቆሞ ለሚማር እውነት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ለሚያስተምር ግን ሰበብ ነው።

የፈረንጆቹ ዝግጅቶች በልክና በደቂቃ አይታሙም፤ ደቂቃቸው ግን ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ሽምብራው በእነሱ ሰዓት አይበስልም።

ወደ አሳው ልምጣ። በቴሌቪዥን አሳ ማለት ፊሌቶ ነው፤ ነጭ፣ አጥንት አልባ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። እኛ ሐይቅ ዳር ግን ቆሮሶው ከነቅርፊቱ፣ አምባዛው ከነጢሙ ይወርዳል። ልጆቹ ጀርባውን በቢላ ሰንጥቀው ቆዳውን በአንድ ጉተታ ይገፉታል፤ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ለመቀማት ከጎናቸው ተሰልፈዋል። ሙሉውን ለሚጠብሱት ደግሞ ጎኑን በስሱ በስሱ ይበጡታል፤ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ትንንሹ አጥንት ሳይቀር ይንኮሻኮሻል፣ በዳጣ ይበላል። ጭንቅላቱ አይጣልም፤ ለሾርባ ነው። ጎኑ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚበጣ እስካሁን ባየኋቸው ዝግጅቶች አልሰማሁም። ለሐይቁ ደሴቶች ነዋሪዎች፣ ለዛይ ሰዎች፣ አሳ የዕለት ምግብ ነው፤ ማንም ካሜራ ይዞ ቢጠይቃቸው ሰዓት የሚሞላ ትምህርት አላቸው።

ጊዜውም አይጠፋም። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይቋጭ፣ ሁዳዴ ሲገባ የአሳ ገበያው እንደሚደራ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሐዋሳ ለሽርሽር ዝግጅት የሚያልፉ የቴሌቪዥን ቡድኖች መንገዳቸው በእኛው ከተማ በኩል ነው። ጎራ ካሉ ግን ማልደው ይምጡ፣ ሚዛንም ይያዙ፤ ረፋድ ላይ ከደረሱ የሚያገኙት ያው ፊሌቶውን ነው።