ፍየሏ ስለ ሸንኮራው አትጠይቅም

ከሐረሪ ክልል ድሬ ጠያራ ማሳ የተቆረጠ ጫት ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ ይከስማል፤ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ፈላጊ የለውም። ስለዚህ ርጥበቱን የሚይዝለት መጠቅለያ የግድ ነው። ድሮ ኮባ ነበር፣ የሙዝ ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ፌስታል ነው። ጫቱ ሲያልቅ ገራባው ከነፌስታሉ ይጣላል፣ ፍየል ደግሞ ገራባ ትወዳለች። ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመው ፌስታል የሚታየው ስትታረድ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው? በ2017 ምክር ቤቱ ጨከነና አንዴ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል ጭራሽ አገደ። ደግ አደረገ! ግን ክልከላ ባለበት ምትክ ሻጭ አይጠፋም፤ «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ማኅተም የተመታበት ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ብራስኬም የተባለው የብራዚል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል ፖሊኢትሊን ያመርታል። ጥሬ ዕቃው በየዓመቱ ይበቅላል፣ ነዳጅ ይተካል፤ አልክድም። የሚወጣው ፕላስቲክ ግን ከነዳጅ ከሚሠራው ምንም አይለይም፤ አይበሰብስም፣ ፍየሏንም አይምርም። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒ.ኤል.ኤ. የተባለ ፕላስቲክ እበሰብሳለሁ ይላል፤ አዎ፣ 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ። ጀጎል ግንብ ሥር ባለ ቦይ ውስጥ ማን ያሙቅለት?

ከተክል መገኘት ብቻውን እንደማይበቃ የራሳችን እንዶድ ካስተማረን ቆይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎቹን ማለት ነው። እንዶድ ቅጠላ ቅጠል ስለሆነ የዋህ አይደለም፣ ዓሣም ይገድላል። ደግነቱ ውኃ ውስጥ በቀናት ፈርሶ መጥፋቱ ነው። መነሻውን ብቻ ሳይሆን መድረሻውንም መጠየቅ ያስተማረን ተክል በጓሯችን እያለ፣ በማኅተም እንታለል?

«ለከረጢት መሥሪያ ተረፈ ምርት ሞልቷል» የሚለኝም አለ። የማን ተረፈ? የማሽላው አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶም ነው፤ እሱን ለፋብሪካ የሚመኝ ሰው ላሟን ምን ሊያበላት ነው? ሐረሪ የቡናውን ቅርፊት እንኳ አፍልቶ ይጠጣል፣ ቅጠሉንም ቁጢ ብሎ። የኦቾሎኒ ቅርፊት ይሁን፣ ገራባ ይሁን፤ ቤተ ሙከራው እነዚህን ይዞ ይምጣ፣ ለገበሬው ግን ዋጋ ይክፈል። ኮባ ከፌስታል ይወደዳል ብላችሁም አትከራከሩኝ። የሞተችውን ፍየል ዋጋ በፌስታሉ ላይ ማን ደመረ?

ምትክ አለኝ የሚል ባለሀብት የቀረጥ ነፃ ወረቀቱን ከመጠየቁ በፊት ከረጢቱን ድሬ ጠያራ አፈር ውስጥ አንድ ክረምት ይቅበርልን። መስከረም ላይ ገበሬዎቹ ባሉበት ቆፍረን እናያለን።